ባቡሩ አዋሽ የገባ ዕለት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለአባባ ኡበይዳ፤
ሰመራ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ዱብቲ ሆስፒታል ለክትትል ሲመላለሱ መንገዱ አያደክምዎትም? ያ ወገብዎን ቀስፎ የሚይዝዎት ሕመምስ ጋብ አለልዎ? መድኃኒቱን አደራ በሰዓቱ ይውሰዱ፤ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ እንደሚተዉት እቴ ሙጂባ ነግራኛለች። የእኛን ነገር የጠየቁ እንደሆነ፣ እኔ ልጅዎ ኸሊዳ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ኢህሳንም ደህና ነው። አባባ፣ ይህችን ቃል ደግመው ያንብቧት፤ ኢህሳን በሕይወት አለ። ይኸው ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከጎረቤት ጋር ዳማ እየተጫወተ ይከራከራል።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የጻፍኩት ወሬው ቀድሞኝ እንደሄደ ስለሰማሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት ሱሩር፣ ያ የከባድ መኪናው ሹፌር፣ ባለፈው ከጅቡቲ ሲመለስ ሰርዶ ላይ ሹፌሮች «አዋሽ ላይ የኡበይዳ ልጅ ባቡር ገጭቶት ሞተ» ሲሉ ሰማ። ሎጊያ ሲደርስ «እጁ ተቆረጠ» ሆኖ ጠበቀው። ሚሌ ላይ «ክንዱ ተሰበረ» አሉት። «ወደ አዋሽ በቀረብኩ ቁጥር ኢህሳን እየዳነ መጣ» ብሎ አሳቀኝ፤ ግን እርስዎ የሰሙት የትኛውን እንደሆነ ሳስብ ሳቁ ወዲያው ጠፋብኝ። እቴ ሙጂባ እያለቀሰች ስትደውል ዋናውን ነግሬያታለሁ። ለእርስዎ ግን ጆሮዎ ስልኩን አልሰማ ካለ ወዲህ ነገር የሚደርስዎት በሌላ ሰው ጩኸት ነው፤ ይህ ደግሞ እየተጮኸ የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ መነጽርዎን ያድርጉና ከእኔ ከራሴ ያንብቡት። የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ።

ባቡሩ ሊመለስ ነው የሚለውን ወሬ እርስዎ እዚህ እያሉም ብዙ ጊዜ ሰምተን ትተነው ነበር። ሥራ ካቆመ ሃያ ዓመት ሊሞላው አይደል? ሀዲዱን አሸዋ በላው፣ ቁጥቋጦ ወረሰው፣ ፍየል ተኛበት። እርስዎ ሰመራ ከሄዱ በኋላ ግን ነገሩ እውነት ሆነ። ከአዋሽ እስከ መኢሶ ያለውን አሮጌ መስመር ጠግኖ ለጭነትና ለገበያ መንገደኛ የሚከፍት ፕሮጀክት መጣ። የተጣመመውን ሀዲድ አቃኑ፣ የተሰረቀውን ብሎን ተኩ፣ ድልድዩን ሠራተኞች በገመድ ተንጠልጥለው ከዝገቱ አጠቡት። ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ ሰው ሁሉ መሬቱን ባያምነውም፣ ድልድዩ ግን አንዲት ድንጋይ አልጎደለችበትም ብለው መሰከሩለት። ከድሬዳዋ ጡረተኛ ሹፌር አስመጡ፤ ጋሽ ባንተይርጋ ይባላሉ፤ እርስዎን በስም ያውቁዎታል፤ «የኡበይዳ ፍሬን» እያሉ ያወራሉ። ኢህሳንም ከጋራዡ ወጥቶ እዚያ ተቀጠረ። ምን ሆኖ መሰለዎት? ልክ እንደ እርስዎ ፍሬነር። ፉርጎው ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑን የሚጠመዝዝ። ይህን ያልነገርንዎት እሱ ራሱ በአካል መጥቶ ሊያበስርዎት ፈልጎ ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። እንደሚያውቁት የለገሃሩ ግቢ ገበያ ከሆነ ቆየ። የእኔ ሻይ ቤት እንኳ ሁለቱ ምሰሶ ከሀዲዱ ወዲህ፣ ሁለቱ ከሀዲዱ ወዲያ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ እትዬ አስረሳች አሉ፤ ባላቸው እዚሁ መስመር ላይ ሲሠሩ የሞቱባቸው፣ ሽንኩርትና ምስር እየቸረቸሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ከእሳቸው ወዲያ ኡሙሀኒ የግመል ወተት ይዛ ከሰፈሯ ስትመጣ የምትቀመጥበት ጥላ አለ። ሁላችንም ባቡሩ ትቶት በሄደው ቦታ ላይ ነው እንጀራችንን ያበቀልነው። ፕሮጀክቱ መጣና ተነሡ አለ። ወዴት እንነሣ ስንል የሚመልስልን አጣን። አንዱ ኃላፊ የከተማው አስተዳደር ያውቃል ይለናል፤ ከተማው ሄደን ስንጠይቅ ፕሮጀክቱ ያውቃል ይሉናል። በምሰሶዎቻችን ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። በቤታችን የኋላ ግድግዳ ላይም ቀቡ።

አባባ፣ በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ነገር እንዴት ብዬ ልንገርዎት። ኢህሳን ማታ ማታ በዘይት ጨቅይቶ ይገባል፤ ፊቱ ግን ሙሽራ ይመስላል። ዛሬ እስከዚህ ድረስ ሄድን፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ጣቢያ ከፈትን እያለ ያወራል። እኔ ራቱን አቀርብለታለሁ። በአንድ ማዕድ ቁጭ ብለን፣ እሱ የሚመጣውን ባቡር ሲቆጥር እኔ የሚሄደውን ቤቴን እቆጥራለሁ። አንድ ቀን፣ እህትህ የት ትወድቃለች ብለህ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ ስለው፣ እሱ ሠራተኛ እንጂ አለቃ እንዳልሆነ ነገረኝና ምግቡን ትቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ባቡር መነጋገር አቆምን።

ሴቶቹ ተሰብስበን መከርን። ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭነት ይዞ ከመኢሶ አዋሽ ይገባል በተባለበት ዕለት ሀዲዱ ላይ እንቀመጥ ተባለ። ሐሳቡ የእትዬ አስረሳች ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ያየናል ይቆማል፣ ሲቆም ባለሥልጣን ይመጣል፣ ሲመጣ እንናገራለን፤ ይኸው ነበር ምክራችን። ሁላችንም እሺ አልን። እኔም እሺ አልኩ። ለኢህሳን አልነገርኩትም። ብነግረው ለአለቆቹ ይናገራል ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞም ባይናገር በእሱና በእንጀራው መካከል እገባለሁ ብዬ ፈራሁ።

በዕለቱ ዙህር ከተሰገደ በኋላ ወጥተን ተቀመጥን። ፀሐዩ ሀዲዱን እንደ ምጣድ አግሎት ስለነበር ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈን ነው የተቀመጥነው። መጀመሪያ ላይ ጨዋታም ነበረ። ኡሙሀኒ ወተቷን በየኩባያው አዞረች። ሰው ዳር ቆሞ ያየናል። አንዳንዶቹ የመኪና ረዳቶች አይዟችሁ ይሉናል፤ እነሱስ ባቡሩ ጭነታቸውን እንዳይወስድባቸው ፈርተው አይደል? እኛ ከተቀመጥንበት ወደ ድልድዩ በኩል ሀዲዱ ይታጠፋል፤ እርስዎ ያውቁታል፤ መታጠፊያውን ቁጥቋጦ ስለሸፈነው ከወዲያ የሚመጣውን ከወዲህ ማየት አይቻልም። ይህን ከእኛ ማንም አላሰበው።

በመካከሉ ስልኬ ጠራ። ኢህሳን ነበር። ነፋሱ ድምፁን ይቆራርጠዋል።

«ኸሊዳ፣ ለገሃሩ አጠገብ ነሽ? ግቢው ውስጥ ሰው ካለ ከሀዲዱ ላይ አስነሺ። የአየር ፍሬኑ ከድቶናል። በእጅ ፍሬን ብቻ ነው ያለነው።»

ቁሙ አልኩት፤ ባላችሁበት ቁሙ። ድልድዩን አልፈን ቁልቁለቱን ይዘናል አለኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነፋስ ብቻ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም።

ተነሥቼ ነገርኳቸው። ባቡሩ ፍሬን የለውም፣ ተነሡ አልኩ። አባባ፣ ማንም አልተነሣም። በፊቱ ቀን ከፕሮጀክቱ የመጣ አንድ ሰው «ባቡር እንደ መኪና አይቆምም፣ ትጨፈለቃላችሁ» ብሎ አስፈራርቶን ስለነበር ያንኑ የደገምኩ መሰላቸው። እትዬ አስረሳች ቀና ብለው አዩኝ።

«ወንድምሽ ደውሎ አስነሺያቸው አለሽ፤ አንቺም ልታስነሺን ቆምሽ» አሉኝ።

ቁጣ የለበትም። ሐዘን ነው ያለበት። ከቁጣው ይልቅ ሐዘኑ አንገበገበኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩ፣ በእማዬ ነፍስ ማልኩ። ኡሙሀኒ ብቻ ከረጢቷን አንሥታ ቆመች። ሌሎቹ ግማሹ ያጉረመርማል፣ ግማሹ እትዬ አስረሳችን ያያል። እሳቸው ካልተነሡ የሚነሣ አልነበረም። ስንቀመጥ የተማማልነው አንዱ ሳይነሣ ሌላው እንዳይነሣ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አሁንም አላውቅም። ቆሜ መለመኑን ትቼ ሮጥኩ። ከሻይ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈውን ብርቱካናማ ላስቲክ ገፍፌ ሀዲድ ለሀዲድ ወደ መታጠፊያው ሮጥኩ። ሹፌሩ ሴቶቹን የሚያያቸው ከታጠፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይረፍዳል። ሰው መኖሩን ከመታጠፉ በፊት ማወቅ አለበት። ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ጠጠሩ ያቃጥላል፣ እሾሁ ይወጋል፤ ይህ ሁሉ የተሰማኝ በማግስቱ ነው። መታጠፊያውን አልፌ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስደርስ እግሬ ሥር ያለው ብረት ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ቀጥሎ አየሁት።

አባባ፣ እርስዎ ያንን ባቡር ዕድሜዎን ሙሉ ከላዩ ሆነው ነው ያዩት። ከፊቱ ቆመው አይተውት ያውቃሉ? እንደሚመጣ አያስታውቅም። ባለበት ሆኖ እያበጠ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ላስቲኩን በሁለት እጄ ዘርግቼ አወዛወዝኩ። እየጮኽኩ ነበር መሰለኝ። ጋሽ ባንተይርጋ ጡሩምባውን ነፉ፣ አላቋረጡም። ዞር በይ ማለታቸው ነው፤ እኔ ግን አየኸኝ ወይ፣ ከኋላዬ ሰው አለ፣ ገብቶሃል ወይ እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ እግሬ በራሱ ዘለለና ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ። ባቡሩ በአጠገቤ አለፈ። ሞተሩ አለፈ፣ የመጀመሪያው ፉርጎ አለፈ፣ ሁለተኛው ላይ ኢህሳንን አየሁት። የፍሬኑን ጎማ በሁለት እጁ ይዞ መላ ሰውነቱን ጥሎበታል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ገመድ አክሏል። አየኝ። አፉ ስሜን ሲጠራ አየሁ፤ ድምፁ ግን ከብረቱ ጩኸት በላይ አልወጣም። ከዚያ ባቡሩ በመታጠፊያው ዞሮ ተሰወረ።

ብረት ብረት ሲበላ የሚጮኸውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጆሮዎን የወሰደው እሱ ነው። ጩኸቱ ረዘመ፣ ረዘመና ቆመ። ከዚያ ዝም አለ። ጡሩምባ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ የሰው ድምፅ የለ። ከዚያ ሁሉ ነገር ያስፈራኝ ዝምታው ነው። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እያደባለቅሁ በእርምጃ ነው የተመለስኩት። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት።

ዓይኔን ስገልጥ ባቡሩ ቆሟል። የእኔን ሻይ ቤት አልፏት ነው የቆመው፤ ምሰሶዎቹ ከሥሩ ናቸው። ሴቶቹ ጡሩምባውን ሲሰሙ ተበታትነው ዳርና ዳር ቆመዋል። ሁለት ሰው ብቻ ሀዲዱ ላይ አለ። እትዬ አስረሳች እንደተቀመጡ ናቸው። ኡሙሀኒ ከኋላ ብብታቸው ሥር እጇን አስገብታ ልትጎትታቸው ስትታገል በዚያው ደርቃለች። በእነሱና በሞተሩ መካከል አንድ አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ ቢኖር ነው።

ጋሽ ባንተይርጋ ከሞተሩ ወረዱ። ይሳደባሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። መጡና እትዬ አስረሳች አጠገብ፣ ሀዲዱ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ጋሽ ባንተይርጋ ቀስ ብለው «እናቴ፣ እኔም ዛሬ መሞቴ ነበር» አሏቸው።

እኔ ግን ኢህሳንን ነበር የምፈልገው። ፉርጎው ላይ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ሁለት ጓደኞቹ ግራ እጁን በሸሚዝ ጠቅልለው ይዘውታል፤ ሸሚዙ ደም ሆኗል። የፍሬኑ ሰንሰለት ሲለቅ ይዞት ነው። ትንሿ ጣቱ ሄዳለች አባባ። ሌላ የጎደለ ነገር የለም፤ ይህ ነው እውነቱ። ትከሻውም ወልቆ ነበር፤ ጤና ጣቢያ መልሰውለታል። መዳፉ ተልጦ ነበር፤ አሁን ቆዳ ይዟል። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለኝ ለምን ሀዲዱ ላይ ቆምሽ ነው። ሁለተኛ ያለኝ ከታጠፈ በኋላ ሰው ነበረ ወይ ነው። ማንም አልተነካም ስለው ራሱን ፉርጎው ላይ ጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከእማዬ ቀብር ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ፖሊስ መጣ። ሴቶቹን ሊከስ፣ እትዬ አስረሳችን ሊያስር ነበር። ነገሩን ያበረደው የጋሽ ባንተይርጋ አንደበት ነው። ሴቶቹ ባይኖሩም ባቡሩ በዚያ ፍሬን መነሣት አልነበረበትም፤ ከመኢሶ ሲነሡ አየሩ እንደሚያንስ እያዩ፣ ይደርሳል ብለው ያሽከረከሩት እሳቸው ናቸው፤ የሚጠየቅ ካለ ከእሳቸው ይጀመር ብለው ለመርማሪው በሁላችን ፊት ተናገሩ። ከዚያ የአፋር ሽማግሌዎች ገቡበት፣ የመስጂዱ ኢማምና የቤተ ክርስቲያኑ ቄስም መጡ። ስብሰባው ከጠዋት እስከ አስር ሰላት ፈጀ። የጦፈ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሊበተን ደርሶ ነበር። አንዱ ኃላፊ ተነሥቶ ልማትን የሚያደናቅፍ ምናምን ማለት ሲጀምር አንድ የአፋር ሽማግሌ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው፣ ባቡሩ ሳይመጣ እዚህ የነበረ ሰው አለ፣ ባቡሩ ሲሄድም የቀረ ሰው አለ፣ ሲመለስ ደግሞ ሰላም ብሎ ይግባ አሉት። ኃላፊው ተቀመጠ።

የተስማማነው ይህ ነው፤ ፍሬኑ በሙሉ ተቀይሮ እስኪፈተሽ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። ከሀዲዱ ላይ ያለነው እንነሣለን፤ በምትኩ ከአሮጌው ዴፖ ጀርባ ቆርቆሮ የለበሰ ቦታ ይሰጠናል። ፍሬኑም ተቀየረ፣ ቦታውም ተሰጠን። ቦታው ነፋሻ ነው፣ አቧራ አለው፤ ደንበኛዬ ግማሹ ገና አላገኘኝም። ቢሆንም ቆሜያለሁ።

እትዬ አስረሳች አሁን በከተማው ጀግና ናቸው። ባቡር ፊት ያልተነሡ ሴት እየተባሉ ሰው ሽንኩርት የሚገዛው ከእሳቸው ነው። አንድ ቀን ግን ወደ አዲሱ ሻይ ቤቴ መጥተው ሰው እስኪወጣ ጠበቁና አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ጡሩምባውን ስሰማ ያልሽው እውነት መሆኑ ገብቶኝ ነበር። ልነሣም ፈልጌ ነበር። ጉልበቴ ነው እምቢ ያለኝ» አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ሳሙት። እኔ ልስማቸው ሲገባኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ የነገርኩት ከእርስዎ አፍ እንደማይወጣ ስለማውቅ ነው።

አሁን ደግሞ ስጽፍ ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። ቀዩ ቀለም የተቀባው የቤታችን የኋላ ክፍል፣ የእርስዎ መኝታ፣ ፈርሷል። ለሀዲዱ ጥበቃ ከሚተወው ቦታ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሌላ ሰው እንዲያፈርሰው አልፈቀድንም። እኔና ኢህሳን፣ እሱ በአንድ እጁ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አውርደን በግቢው ከምረነዋል። አልጋዎን፣ የእማዬን ሳጥን፣ መስገጃዎን ወደ ፊተኛው ክፍል አስገብተናል። ባለፈው ማክሰኞ ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያተኛ ጭኖ ወደ መኢሶ ሲወጣ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆሜ አየሁት። ሴቶቹ ከነዘንቢላቸው፣ ከነዶሮአቸው በመስኮቱ ብቅ እያሉ እየጮኹ አለፉ። ልጣላው ነበር የቆምኩት፤ ግን እነዚያን ፊቶች አይቼ መጣላት አልቻልኩም። ስላዘንኩም ስለተደሰትኩም አይደለም፤ እንዲያው ቆሜ ቀረሁ።

የዚህ ሁሉ መጨረሻ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው አባባ። ኢህሳንን በቋሚነት ፍሬነር አድርገው ሊቀጥሩት ጠይቀውታል። ጋሽ ባንተይርጋ ናቸው ስሙን ያነሡት። እጁ እስኪድን ጊዜ ሰጥተውታል። እኔ አትሂድ ብዬዋለሁ። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ ራቱንም አልሠራም ብዬ ነበር፤ ሠራሁ እንጂ። እሱ መልሶ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባባ ካልመረቁኝ እግሬን እዚያ ፉርጎ ላይ አላኖርም፤ ከመረቁኝ ደግሞ ማንም አያወርደኝም» ይላል። ይህን እንድጽፍልዎት ያዘዘኝም እሱ ነው፤ በግራ እጁ ወረቀቱን ልያዝልሽ እያለ።

እኔን ከጠየቁኝ እምቢ ይበሉት። በዚያ መታጠፊያ ላይ የሰማሁትን ዝምታ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም። እርስዎ ግን ያንን ጎማ ዕድሜዎን ሙሉ ጠምዝዘው ነው እኛን ያሳደጉን፤ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ነገር ይኖራል። እምቢ ካሉት ደስ ይለኛል፤ እሱ ግን ለብዙ ጊዜ እንደማይስቅ ይወቁት። እሺ ካሉት፣ ወላሂ አባባ፣ እያለቀስኩም ቢሆን ስንቁን የምቋጥርለት እኔው ነኝ። መልስዎን በራስዎ እጅ ይጻፉት። በእቴ ሙጂባ እጅ ከመጣ የእኔ ምክር ነው ብሎ አያምነንም።

በሉ እንግዲህ፣ ሱሩር መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። ለእቴ ሙጂባ ሰላም ይበሉልኝ፤ በስልክ ስላስለቀስኳት አውፍ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ፤ ሱሩር የያዘው የበርበሬ ጆንያ የእሷ ነው። ለባሏ ለኢስማኤል ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እርስዎን ሆስፒታል ስለሚያመላልስልን ጀዛከላህ ኸይር ይበሉልኝ። ለልጃቸው ለዊዳድ አክስትሽን በጣም ናፍቀሻታል ይበሏት፤ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ እልል ብያለሁ። ግድግዳ የሚጋሯችሁ የዱብቲ እርሻ ጡረተኛውን ጎረቤትዎንም ሰላም ይበሉልኝ፤ እርስዎም በዳማ እንዳይሸነፉልን። ኢህሳን ጉልበትዎን ይስማል። እትዬ አስረሳችና ኡሙሀኒ «ለአባትሽ ሰላም በይልን» ብለውኛል። አላህ ጤናዎን ይመልስልን፤ ከዱዓዎ አይርሱን።

ልጅዎ ኸሊዳ ኡበይዳ
አዋሽ ሰባት
ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.